ስካርፉ ለምን እንደ ጋቢ ከበደ? ቀለል ያለ ወጣ ገባ ስካርፍ በኪሮሽ

የጠየቅሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዳንቴል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰራለሁ። አሁን እናቴ ለጠዋት ብርድ አንገቷ ላይ ጣል የምታደርገው ስካርፍ በኪሮሽ ጀመርኩላት። ላዩ እንደ ሽምብራ ጉብ ጉብ እንዲል ፈልጌ ወፍራም የአክሪሊክ ክር በ3.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይዤ ገባሁበት። 60 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ሁለት ጥቅል በላብኝ። ሲያነሱት ይከብዳል፣ ደርቆም ይቆማል። ወጣ ገባነቱን ሳላጣ እንዴት ላቅልለው? እናቴ የፈተለችው ፈትልም ቤት አለ፣ በሱ ይሆናል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ነገር እጅሽ ምንም ችግር የለበትም። ዳንቴል የሰራ ሰው ስካርፍ አያቅተውም። ሶስት ከባድ ነገሮች ባንድ ላይ ስለገጠሙብሽ ነው። ክሩ ወፍራም ነው። ኪሮሹ ለዛ ክር ቀጭን ነው። ጉብታው ደግሞ ክር ይበላል። ከሶስቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትችዪው ነበር።

ጉብታውን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። አንዷን ለመስራት በአንድ ቀዳዳ ውስጥ አምስት ረጅም ዓይን (ዓይን የምለው ኪሮሹ የሚሰራትን አንዷን ጥልፍ ነው፣ ረጅምና አጭሩን ከታች አስረዳሻለሁ) ትጀምሪያለሽ፣ ሳትጨርሻቸው ኪሮሹ ላይ ታቆያቸዋለሽ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ባንድ ጉተታ ትዘጊያቸዋለሽ። አንድ ዓይን በሚቀመጥበት ቦታ የአምስት ዓይን ክር ታጨቀ ማለት ነው። ይሄ በየረድፉ ሲደጋገም ጥቅሉ የት እንደገባ ግልጽ ነው። በዛ ላይ ጉብታው እንዲወጣ ከጎኑ ያሉት አጫጭር ዓይኖች ጠበቅ ማለት አለባቸው፣ እነሱ ሲጠብቁ ደግሞ ጨርቁ መተጣጠፉን ይተዋል። ለትራስ ልብስ ግሩም ነው። ለህጻን ኮፍያም እወደዋለሁ። አንገት ላይ ለሚዞር ነገር ግን አይሆንም።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው ነገር አለ፤ ወጣ ገባ የሚታየው በክር ብዛት ሳይሆን በጥላ ነው። ዓይናችን ጉብታን የሚለየው ከጎኑ ትንሽ ጨለማ ስላለ ነው። ያንን ጨለማ ቀዳዳም ይሰጥሻል፣ ቀዳዳ ደግሞ ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም። የእናትሽን ነጠላ በመስኮት ብርሃን ያዢውና እዪው። መሬቱ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ጥለቱ ጋ ስትደርሺ ነው ወፈር፣ ጠበቅ የሚለው። ጥለቱ እንዲህ ጎልቶ የሚታየው ከጎኑ ያለው ስስ ስለሆነ ነው። ዳር እስከ ዳር ጥለት ቢሆን ኖሮ ጥለትነቱም አይታይም፣ ትከሻ ላይም አይቆይም። ያንቺም ስካርፍ የሚያስፈልገው ይሄው ነው፤ ሰፊ ስስ መሬት፣ በመሃል በመሃል ብቅ የሚል ነገር።

አሁን ስለ እጅ ላውራ፣ ምክንያቱም ከዳንቴል የመጣን ሰዎች እዚህ ጋ ነው የምንሸወደው። ዳንቴል ስንሰራ ክር አጥብቀን እንስባለን። ልክም ነን። የሶፋው፣ የቴሌቪዥኑ፣ የጠረጴዛው ዳንቴል ቅርጹን ይዞ መቀመጥ አለበት፣ አንዳንዱም በስታርች ደርቆ ነው የሚነጠፈው። ስካርፍ ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ መውረድ፣ መተጣጠፍ፣ አንገት ላይ መሸብለል። ስለዚህ ያንን የተመሰገነ ጠባብ እጅ ለጊዜው ማላላት አለብሽ። እንዴት? ኪሮሽሽን እዪው። ከመንጠቆው ቀጥሎ ቀጭን አንገት አለ፣ ከሱ በታች ደግሞ እኩል ውፍረት ያለው ግንድ። የዓይኑን ስፋት የሚወስነው ግንዱ ነው። የዳንቴል ሰው ግን ቀለበቱን አንገቱ ላይ እንዳለ ይዘጋዋል፣ በዚህ የተነሳ 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይዞ የ3 ሚሊ ሜትር ዓይን ይሰራል። ቀለበቱን ስታወጪ ግንዱ ላይ እስኪደርስ ከፍ አድርጊው፣ ከዛ ዝጊው። የመጀመሪያዎቹ አስር ረድፎች ላይ ትረሺዋለሽ፣ ግዴለም፣ እጅ ይለምዳል።

ወደ ክር እንምጣ። ጥቅሉ ላይ ያለውን ወረቀት ስታነቢ የምትፈልጊው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ግራምና ሜትር። 100 ግራሙ 200 ሜትር አካባቢ ከሆነ ያ ያንቺ ወፍራም ክር ነው። ለቀላል ስካርፍ 100 ግራሙ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ፈልጊ። መርካቶም ሆነ ሰፈር ያለ ሱቅ ወረቀቱ የወደቀ ጥቅል ሊሸጡልሽ ይችላሉ፣ እሱም አያስቸግርም። 20 ሜትር ለክተሽ ቆርጠሽ በሚዛን አስቀምጪው። 5 ግራም ከመጣ የምንፈልገው ነው። 10 ግራም ከመጣ ወፍራም ነው፣ ለኮፍያ አስቀምጪው።

ዓይነቱ ላይ ብዙ አልከራከርም። ሱፍ ቀላልም ሞቃትም ነው፣ ውጭ ያሉ እህቶች ቀጭን የሜሪኖ (ለስላሳ የበግ ሱፍ) ክር በቀላሉ ስለሚያገኙ ቢገዙት አይቆጩም። እዚህ ግን በአብዛኛው ያለን አክሪሊክና ጥጥ ነው። ቀጭን አክሪሊክ ጥሩ ይሰራል፣ አሰራሩን አትፍሪ፣ እሳት ብቻ አታስጠጊው። ጥጥ ለአንገት ይመቻል፣ ግን በራሱ ክብደት እየተሳበ በልብስነት ዘመኑ ይረዝማል፣ ስለዚህ ከጥጥ ስትሰሪ 10 ሳንቲ ሜትር ቀንሰሽ ጨርሺ። ያ የሚያብረቀርቀው የዳንቴል ክርስ? ጥጡ ተወጥሮ በኮስቲክ ሶዳ ስለሚታከም ነው የሚያበራው፣ በሶዳ ማከሙን ጆን ሜርሰር የሚባል እንግሊዛዊ በ1850 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቦታል። ጠንካራና ቀለም ያዥ ነው፣ ለስላሳነቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል። ቁጥር 10 የዳንቴል ክር ቤት ካለሽ በ3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሞክሪው፣ የሚያምር ቀጭን ስካርፍ ይወጣዋል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ እንደሚቀጥን መቼም ታውቂያለሽ።

ለ400 ሜትሩ ክር 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዢ። ክሩ ከሚለው አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ነው፣ ሆን ብለን ነው።

ከዛ ናሙና። ታውቂያለሽ፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔም ድሮ እዘለው ነበር፣ አሁን ግን ያለ ናሙና ምንም አልጀምርም። 44 ሰንሰለት አውጥተሽ ከታች የማስረዳሽን አሰራር ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ስሪ። አጥበሽ አድርቂው። አሁን በአንዱ ማዕዘን በሁለት ጣት አንጠልጥዪው። እንደ መሀረብ ታጥፎ ወደ ታች ከወረደ ኪሮሽሽ ልክ ነው። እንደ ካርቶን ወደ ጎን ከቆመ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ በዪ። ሁለተኛው ጥቅሙ ደግሞ ክሩን ማስላት ነው። 20 በ20 ማለት 400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ስካርፉ 30 በ170 ከሆነ 5,100 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም የናሙናው 12.75 እጥፍ። ናሙናው 10 ግራም ከመዘነ ስካርፉ ወደ 128 ግራም ይሆናል፣ መጠባበቂያ ጨምረሽ 140 ግራም ግዢ። ባንድ ጊዜ ግዢው፣ አንድ ዓይነት የቀለምና የንክር ቁጥር ያለውን፣ ምክንያቱም በሌላ ጊዜ የተነከረ ነጭ እንኳን ከነጭ ይለያል።

አሰራሩ ይኸውልሽ። እኔ የምጠቀምባቸውን ስሞች ልንገርሽ፣ በሌላ ስም ለምደሽው ከሆነ በራስሽ ተርጉሚው። ኪሮሹን አስገብተሽ ክር ስበሽ፣ የተገኙትን ሁለት ቀለበቶች ባንድ ጊዜ የምትዘጊው አጭር ዓይን ነው። መጀመሪያ ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠምጥመሽ፣ አስገብተሽ ስበሽ፣ ሶስቱን ቀለበት ሁለት ሁለት እያደረግሽ በሁለት ጊዜ የምትዘጊው ረጅም ዓይን ነው።

64 ሰንሰለት አውጪ፣ እሱን ብቻ በ4.5 ኪሮሽ፣ አለዚያ ጫፉ ይሰበሰብና ስካርፉ ከታች ጠቦ ከላይ ይሰፋል። ወደ 4 ሚሊ ሜትሩ ተመለሺ። ከኪሮሹ አራተኛዋ ሰንሰለት ላይ አጭር ዓይን። ከዛ አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ዝለዪ፣ አጭር ዓይን፣ እንደገና አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ዝለዪ፣ አጭር ዓይን፣ እንዲሁ እስከ መጨረሻ። 31 አጭር ዓይን ሊኖርሽ ይገባል። ሁለት ሰንሰለት አውጥተሽ አዙሪ። አሁን አጭር ዓይኖቹን አትንኪያቸው፣ ኪሮሽሽን ባለፈው ረድፍ ሰንሰለት ስር ወዳለችው ቀዳዳ አስገቢና አጭር ዓይን ስሪ፣ አንድ ሰንሰለት፣ በሚቀጥለው ቀዳዳ አጭር ዓይን። የመጨረሻው ዓይን የሚያርፈው ስታዞሪ በተውሽው የሁለት ሰንሰለት ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ በዚህ በሁለተኛው ረድፍ ብቻ መጀመሪያ ላይ በዘለልሻቸው ሰንሰለቶች ቀዳዳ ውስጥ። እንደገና 31። ይሄ ነው መሬቱ። እያንዳንዱ ዓይን ከታች ባለው በሁለቱ ዓይኖች መሃል ስለሚቀመጥ በራሱ ፍሬ ፍሬ ያለ፣ እንደ ገብስ እሸት ጥቅጥቅ ያለ መልክ አለው፣ ግን ግማሹ ሰንሰለት ነው፣ ሰንሰለት ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ብቻ እስከ መጨረሻ ሰርቶ ይተወዋል፣ በጣም ያምርበታል።

አንቺ ግን ጎላ ያለ ነገር ስለፈለግሽ ስድስት ረድፍ መሬት ከሰራሽ በኋላ ሰባተኛውን የመስቀል ረድፍ አድርጊው። ሶስት ሰንሰለት አውጥተሽ አዙሪ፣ በመጀመሪያዋ ቀዳዳ አንድ ረጅም ዓይን፣ አንድ ሰንሰለት። አሁን አንዷን ቀዳዳ ዝለዪና በቀጣይዋ ረጅም ዓይን ስሪ፣ አንድ ሰንሰለት፣ ከዛ ወደ ኋላ ተመልሰሽ በዘለልሻት ቀዳዳ፣ ከሰራሽው ዓይን ፊት ለፊት አልፈሽ፣ ሌላ ረጅም ዓይን። ሁለቱ ይጠላለፋሉ። አንድ ሰንሰለት፣ ደግሞ ዝለዪ፣ ስሪ፣ ተመለሺ። አስራ አምስት መስቀል ይወጣል፣ የመጨረሻው የሚጠናቀቀው የማዞሪያው ቀዳዳ ውስጥ ገብተሽ ከሱ በፊት ወዳለችው በመመለስ ነው። ከመጨረሻው መስቀል በኋላ ሰንሰለት የለም። ቀጣዩ መሬት እንደተለመደው፣ በእያንዳንዱ የአንድ ሰንሰለት ቀዳዳ አንድ አጭር ዓይን፣ መስቀሉ መሃል ያለችውንም ሳትረሺ፣ መጨረሻ ላይ የማዞሪያው። ስትቆጥሪ አሁንም 31። ቁጥሩ የትም አይሄድም፣ ይሄን አሰራር የምወድለትም ለዚህ ነው።

ስድስት መሬት፣ አንድ መስቀል። ሰባት ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ መስቀሉ አንዴ በዚህኛው ፊት፣ አንዴ በዚያኛው ፊት ይወጣል። ስካርፍ አንገት ላይ ሲዞር ሁለቱም ፊቱ ስለሚታይ የተገላቢጦሽ የሚባል ጎን እንዳይኖረው ነው እንደዚህ ያደረግኩት። መስቀሉ ከፍ ይላል፣ ከስሩ ቀዳዳ አለ፣ ጥላው እዛ ይገባል። የሚያስፈልገው ክር ደግሞ ከአንድ የጉብታ ረድፍ ጋር አይወዳደርም።

ስፋቱን መቀየር ከፈለግሽ የመጀመሪያው ሰንሰለት ለአራት የሚካፈል ይሁን፤ 56፣ 60፣ 68። ያኔ መስቀሎቹ ሳይጎድሉ ይገጥማሉ።

ዳሩ ከተጣመመ ወይም ስካርፉ ቀስ በቀስ ከጠበበ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ የማዞሪያዋን ቀዳዳ ዘለሻታል። ትንሽ ስለሆነች ትደበቃለች። ሁለቱን ሰንሰለት እንዳወጣሽ ወዲያው መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ እዛው ተዪው፣ በሚቀጥለው ረድፍ መጨረሻ ላይ ስትደርሺ እሱ ይጠራሻል። በየአምስት ረድፉ ቁጠሪ። ቡና እየጠጡ፣ እየተጫወቱ ሲሰሩ አርባ ረድፍ ሄዶ 31 የነበረው 27 ሆኖ ማግኘት ያማል፣ ፍቺ ሲባል ደግሞ የበለጠ።

ክር ስትቀጥዪ አትቋጥሪ። በእንደዚህ ያለ ስስ ስራ ላይ ቋጠሮ እንደ ጠጠር ይታያል፣ አንገትም ይኮረኩራል። ዳር ላይ ቀይሪው፣ ከሁለቱም ክር 15 ሳንቲ ሜትር አስቀሪና መጨረሻ ላይ በመርፌ ዓይኖቹ ውስጥ አሳልፈሽ ደብቂው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሂጂና ተመልሰሽ ነይ፣ አለዚያ በእጥበት ይወጣል።

«እኔ ጉብታዬን እፈልጋለሁ» ካልሽም እረዳሻለሁ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ፣ እንደ ነጠላ ጥለት፣ ሁለት ሁለት ረድፍ አድርጊው፣ በአምስት ፋንታ በሶስት ረጅም ዓይን። ጫፉ ትንሽ መክበዱ ጥሩ ነው፣ ስካርፉን ወደ ታች ይስበዋል። ያን ካደረግሽ ግን ጫፉን መቋጨቱን ተዪው፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ይበዛል።

ስለ እናትሽ ፈትል። ይሄን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ። ይሆናል፣ ግን እንዳለ አይደለም። በእንዝርት የተፈተለ ማግ (ሸማ ላይ በአግድም የሚገባው) ነጠላ ክር ነው፣ ላላ ብሎ ነው የሚፈተለው፣ ሸማ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጉልበቱን የሚሸከምለት ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) ነው። በኪሮሽ ስራ ላይ ድር የለም። አንዱ ክር ብቻውን በየዓይኑ ይሳባል፣ ይጎተታል፣ ቀጠን ያለበት ቦታ ሲደርስ ይበጠሳል። በመንጠቆውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሁለት ልቃቂት ሁለት ክር አንድ ላይ አድርገሽ በእንዝርት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ማለትም እናትሽ ከፈተለችበት ወደ ሌላኛው በኩል፣ አክርሪው። በዚያው አቅጣጫ ካከረርሽው ይጨማደድና ይጠማዘዛል፣ በተቃራኒው ሲሆን ግን ሁለቱ ተቃቅፈው ይረጋሉ። እናትሽ እራሷ ብታከረው የበለጠ፣ የሷ እጅ ያውቀዋል። ከዛ ክሩን ክንድሽ ላይ ጠቅልለሽ ቦታ ቦታውን በላላ ክር አስረሽ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ አድርቂው፣ ጥጥ መሰብሰቡን አስቀድሞ ይጨርስ፣ ስካርፉ ከተሰራ በኋላ ሳይሆን። ውፍረቱ እኩል አይሆንም። እኩል አለመሆኑ እራሱ ወጣ ገባ ነው፣ ስለዚህ ለፈትል መስቀሉን እንኳን ተዪው፣ መሬቱን ብቻ በ4.5 ወይም በ5 ኪሮሽ ስሪበት።

ስትጨርሺ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ፣ ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጠቅልለሽ ጨምቂው። አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ ንጹህ አንሶላ አንጥፈሽ ዘርጊው፣ በእጅሽ እየሳብሽ 30 በ170 አድርሺው፣ ዳሩን ዝገት በሌለው ስፒል ወጥረሽ እስኪደርቅ ተዪው። ጥጥና ሱፍ ላይ ለውጡን በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፣ መስቀሎቹ ቀጥ ይላሉ። አክሪሊክ በውሃ ያን ያህል አይታዘዝም፣ ቢሆንም ዘርግተሽ አድርቂው። ካውያ ግን በፍጹም። አንድ ጊዜ ሶስት ሳምንት የለፋሁበትን የአክሪሊክ ስካርፍ «ትንሽ ላስተካክለው» ብዬ ካውያ አሳረፍኩበት። ያረፈበት ቦታ ተለጥጦ፣ አብለጭልጮ፣ እንደ ላስቲክ ተኛ። አይመለስም። እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ ለማሳያ አስቀምጬዋለሁ።

የጀመርሽውን 60 ሳንቲ ሜትር ፍቺው፣ ክሩ አይባክንም። የተፈታ ክር እንደ ሹሩባ ይጠቀለላል፣ እንዳለ ከተሰራበት ዓይኑ ያልተስተካከለ ይሆናል፣ ስለዚህ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለሽ፣ አስረሽ፣ ነክረሽ ስቀዪው። ከታቹ ቀለል ያለ ነገር፣ አንድ ማንኪያ ብትሆን፣ አንጠልጥዪበት። ሲደርቅ ቀጥ ይላል፣ ለእናትሽ ኮፍያ ይወጣዋል፣ ጉብታውንም እዛ ላይ እንደልብሽ ስሪው።

ናሙናውን ስትጨርሺ ስንት ግራም እንደመጣና በጣትሽ ስታንጠለጥዪው እንዴት እንደወረደ ጻፊልኝ፣ ኪሮሹን መቀየር ካለብሽ ክሩን ከመግዛትሽ በፊት እነግርሻለሁ።